ግጥሙ፣ ልብወለዱና ጎረቤታችን በአንድ ጥራዝ፦ ከአዲስ አበባ ዳር የሚጻፈው ለምን ተቀላቀለ?

በግል የሚታተሙ የአማርኛ መጻሕፍትን ሲያገላብጡ አንድ ነገር እየተደጋገመ ይመጣል። መጀመሪያ ግጥም አለ። መሀል ላይ አጫጭር ልብወለዶች ይገባሉ። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ስለ አንድ ሊስትሮ፣ ስለ አንዲት የጀበና ቡና ሻጭ ወይም ስለ አንድ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ የተጻፉ ሁለት ሦስት ገጾች ይገኛሉ። ሽፋኑ «መድብል» ከሚለው በቀር ምንም አይልም።

አንባቢው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። መጽሐፍ ሲመረቅም ሆነ ቴሌግራም ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው «ይሄ የሆነ ነገር ነው ወይስ ፈጠራ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ሾል ያለ ነው፦ «ሰውየው ገጣሚ ነው፣ ደራሲ ነው ወይስ ጋዜጠኛ? ለምን አንዱን አይዝም?» መልስ ሰጪውም ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ ስንፍና ነው ይላል። ሌላው አዲስ ስልት ተወለደ ብሎ ያጨበጭባል።

ሁለቱም ጽሑፉ የት ሆኖ፣ በምን ላይ፣ በምን ያህል ወጪ እንደሚሠራ አይጠይቁም። በተለይ ከከተማው ዳር፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከጀሞ የሚወጣውን ጽሑፍ ለመረዳት ይህ ጥያቄ ከስልት ወሬ ይቀድማል።

ስሞቹን እናጥራ

ግጥምና አጭር ልብወለድ ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ግጥም በስንኝና በምት ይሄዳል። አጭር ልብወለድ ደራሲው የፈጠራቸውን ሰዎች አንድ ነገር ሲገጥማቸው ያሳያል፤ ተቀምጠው ሳይነሡ የሚያልቅ ታሪክ ነው።

የተቸገረው ሦስተኛው ነው። እዚህ «የሰው ምስል» የምንለው፣ በእውን ያለ ወይም የነበረ ሰው በአጭሩ የሚሣልበትን ጽሑፍ ነው። የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ከትውልድ እስከ ሞት አይሄድም። ዜናም አይደለም፤ ሰውየው ምንም አዲስ ነገር ሳያደርግ ሊጻፍለት ይችላል። ከልብወለድ የሚለየው በአንድ ውል ብቻ ነው። ሰውየው አለ፤ አለ የተባለውንም ብሏል። ብዙ ጊዜ «ወግ» በሚለው ሰፊ ስም ሥር ይጠለላል። ወግ ደግሞ ቤቱ ሰፊ ስለሆነ ትዝብትም፣ ቀልድም፣ ትዝታም አብረው ያድሩበታል። ግራ መጋባቱ ከዚሁ ይጀምራል።

ሦስቱን ማደባለቅ ግን የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ሙሾን እንውሰድ። አስለቃሿ የሟቹን ሙያ፣ ደግነቱን፣ አረማመዱን ሳይቀር በስንኝ ትሥለዋለች። ግጥምም ነው፣ የሰው ምስልም ነው። ለቀስተኛው ሟቹን ያውቀዋልና ያልነበረበትን ብትጨምርበት ድንኳኑ ውስጥ ይንሾካሾኩባታል። በጽሑፉም በኩል መንግሥቱ ለማ በግጥማቸውና በቴአትራቸው ሲታወቁ፣ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ቀድተው ለመጽሐፍ አብቅተዋል። መስፍን ሀብተማርያም ወግን ራሱን አስችሎ ለአንባቢ አስለመደ። በዕውቀቱ ሥዩም በግጥምም፣ በአጭር ልብወለድም፣ በወግም ይጽፋል። ስለዚህ «ለምን አንዱን አይዝም?» የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ ጸሐፊ አዲስ አይደለም። አዲሱ ሦስቱ በአንድ ሽፋን ውስጥ፣ ያለ ምልክት መታጎራቸው ነው።

ዳሩ ላይ ማንም ማንንም አያውቅም

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ የአዲስ አበባን ሕዝብ ወደ ዳር አወጣው። ቤቱ የሚገኘው በዕጣ ነው። ጎረቤትም አብሮ በዕጣ ይደርሳል። ከመርካቶ የመጣ ነጋዴ፣ ከጉለሌ የወጣች ጡረተኛ፣ ቤቱን ተከራይቶ የገባ አዲስ የባንክ ሠራተኛ አንድ ደረጃ ይጋራሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡት ተጨመሩ። ከካዛንቺስ ብዙዎቹ ያመሩት ወደ ገላን ጉራ ነው።

በድሮው ሰፈር ስለ ሰው መጻፍ ብዙም አያስፈልግም ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተጋባ፣ ለምን ከወንድሙ እንደተኳረፈ ሁሉም ያውቃል። የሚያስፈልገው ሐሜት ነው፤ እሱም አይጠፋም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሦስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የፊት ለፊቱን ባለበር ስም ላያውቅ ይችላል። እድሩ ቀስ ብሎ ነው የሚቋቋመው። የነዋሪዎች ኮሚቴው ስብሰባ ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደመወዝ እንጂ ስለ ሰው አያወራም። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ አንድ ጎረቤት የተጻፈ 2 ገጽ የማስተዋወቅ ሥራ ይሠራል። በእኔ ግምት የሰው ምስል ዳር ላይ የበዛበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ የስልት ጉዳይ ሁለተኛ ይመጣል።

ሌላም አለ። ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ባዶ አልነበረም። ስንዴና ጤፍ ይዘራበት ነበር። መሬታቸው ለግንባታ ከተወሰደባቸው ገበሬዎች አንዳንዶቹ እዚያው ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ለገጣፎንና ሱሉልታን የመሳሰሉትን ያቀፈው ሸገር ከተማ ሲመሠረት ወሰኑ ይበልጥ ተጠላለፈ። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ እስኪገዛ ድረስ ከአንድ አስተዳደር ወደ ሌላው፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሊሻገር ይችላል። ለጸሐፊ ይህ ብዙ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ፈተናም ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሥነ ጽሑፍ መድረኩ መሀል ከተማ ቀርቷል። ለዓመታት በራስ ሆቴል የታየው ጦቢያ ግጥም በጃዝ፣ በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የሚደረጉት የመጽሐፍ ውይይቶች፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሁሉም ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ ናቸው። መድረኩ ሲያልቅ ታክሲው ቀድሞ አልቆ ይሆናል። የዳሩ ጸሐፊ ሌላ መድረክ ቢፈልግ አይገርምም። አገኘውም፤ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ስልኩ የሚፈቅደው ርዝመት

ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት የሚይዘው 4096 ምልክት ነው። ፎቶ ሲጨመርበት ደግሞ በነፃው አገልግሎት ከፎቶው ሥር የሚጻፈው 1024 ምልክት ብቻ ነው። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ነገር ያስገባል። እንደዚያም ሆኖ ክፍት ቦታው ሲቆጠር 4096 ምልክት 700 ቃል ገደማ፣ 1024ቱ ደግሞ 180 ቃል ገደማ ነው።

ይህን ሂሳብ ይዘን ሦስቱን ዘውጎች እንያቸው። ከአራት እስከ ስድስት አንጓ ያለው ግጥም ከፎቶ ሥር ይገባል። የሰው ምስል በአንድ መልእክት ያልቃል። አጭር ልብወለድ ግን አይገባም። 2500 ቃል የሆነ ታሪክ አራት ቦታ ይቆረጣል። «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት»፣ «ይቀጥላል» እየተባለ ይለጠፋል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። አጭር ልብወለድ ጉልበቱ አንድ ትንፋሽ መሆኑ ነው። አራት ቦታ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ አንባቢውን ለነገ የሚያንጠለጥል ነገር መፈለግ ይጀምራል። በር ይንኳኳል። ስልክ ይጠራል። ሞቷል የተባለው ሰው ከታክሲ ይወርዳል። ይህ ለተከታታይ ድራማ ይሠራል፤ አጭር ልብወለድን ግን ያበላሸዋል። ይህን የገባቸው ጸሐፊዎች ታሪኩን አሳጥረው በአንድ መልእክት ሊጨርሱት ይሞክራሉ። ሲያሳጥሩት መጀመሪያ የሚወጣው ድርጊቱ ነው። የሚቀረው አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ንግግር ነው። ይህ ደግሞ ከሰው ምስል ምን ይለየዋል?

አንባቢው ግራ የተጋባው እንግዲህ ዝም ብሎ አይደለም። ልብወለዱ ወደ ሰው ምስል ቁመት ወርዷል። ላዩ ላይ መልእክቱ ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር መለያው ይወልቃል። በመደበኛው ማስተላለፊያ ከተላከ የምንጩ ስም አብሮ ይሄዳል። ተቀድቶ ከተለጠፈ ግን አይሄድም። ጸሐፊው ጥግ ላይ «ልብወለድ» ብሎ ጽፎት የነበረው፣ ሦስተኛው ቻናል ላይ ሲደርስ «እውነተኛ ታሪክ፣ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ» ተብሎ ይወጣል። ግጥሙም ባለቤት አጥቶ በሰው ድምፅ ቲክቶክ ላይ ይነበባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። የገንዘብ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አዋጁ ደህና ነው። 40 ቻናል እያሳደደ የሚከስ ገጣሚ ግን የት ይገኛል?

የወረቀቱ ሂሳብ

የቴሌግራሙ ጽሑፍ ሲጠራቀም መጽሐፍ ልሁን ይላል። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ብር ይዞራል።

ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የኅትመት ፕሌቱም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ማተሚያ ቤቶች የዋጋ ማቅረቢያቸውን ለጥቂት ቀን ብቻ የሚጸና እያሉ ይሰጡ ጀመር። በኦፍሴት ኅትመት ትልቁ ወጪ ገና አንድ ቅጂ ሳይወጣ የሚከፈለው ነው፦ ፕሌቱ፣ ማሽን ማዘጋጃው፣ የሽፋኑ ሥራ። 300 ቅጂ የሚያሳትም ሰው ይህን ወጪ ለ300 ያካፍለዋል። 3000 የሚያሳትም ለ3000 ያካፍለዋል። የዳሩ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የአንዱ ቅጂ ዋጋ ከፍ ይልበታል።

ዋጋው ከፍ ሲል ገዢው ውፍረት ይጠይቃል። 60 ገጽ የግጥም መጽሐፍ በዚያ ዋጋ አይሸጥም። አከርካሪው ቀጭን ስለሆነ መደርደሪያ ላይ ስሙ አይነበብም፤ አዟሪው ክንድ ላይም ከወፍራሞቹ መሀል ይጠፋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ስድስት አጭር ልብወለድ፣ ዘጠኝ የሰው ምስል ገብቶ 180 ገጽ ይሞላል። «አዲስ ስልት» የተባለው ነገር አንዳንዴ ይኸው ነው፤ ገጽ ሙላ። ይህን ማለት ጸሐፊውን መዝለፍ አይደለም። ያለውን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ነው።

ሽያጩም ቢሆን መልኩን ለውጧል። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ጥሩ ድርሻ ይወስዳል፤ ገንዘቡንም አዘግይቶ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ቅድሚያ ሽያጭ በቻናሉ ይካሄዳል። አንባቢው በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፣ የከፈለበትን ስክሪንሹት ኢንቦክስ ያደርጋል፣ መጽሐፉን መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ ይቀበላል። ይህ አንባቢ ጸሐፊውን የሚያውቀው ከቻናሉ ነው። ግጥሙንም፣ ታሪኩንም፣ የሊስትሮውንም ወግ እዚያው አንድ ላይ ሲያነብ ከርሟል። መጽሐፉ ውስጥ ግጥሙ ብቻ ቢመጣ «የቀረውስ?» ይላል። እዚህ ላይ ቅልቅሉ የገዢውም ፍላጎት ሆኗል ማለት ነው።

አንድ ጥበቃ በሦስት መንገድ

ክርክሩ በደፈናው ሲሆን አይገባም። ለማሳያ ያህል አንድ ሰው እንፍጠር። ዕድሜያቸው የገፋ የብሎክ ጥበቃ ናቸው። ጋቢ ይደርባሉ፤ ባትሪና ቆመጥ ይይዛሉ። ወጣቶቹ «ፋዘር» ይሏቸዋል። ብሎኩ የቆመው ድሮ ጤፍ ያጭዱበት በነበረው መሬት ላይ ነው።

ግጥም ከዚህ አንዱን ነጥብ ብቻ ነጥቆ ይሮጣል። በየወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም እየተከፈለ በሚሄደው ባለ 12 ቀለም ስንኝ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ጤፍ ያጨደበትን በሌሊት ይዞራል፤
ቁልፉ ከሱ እጅ ነው፣ ከውስጥ ሌላ ያድራል።

ሁለት ስንኝ ነው። ስም የለም፣ ብሎክ የለም፣ ቀበሌ የለም። አንባቢው የየትኛውም ሰፈር ጥበቃ ሊያስብ ይችላል። ግጥሙ ሰውየውን ወደ ምሳሌ ቀይሮታል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው። ሰውየው ማታ ማታ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ከኮሚቴው ጸሐፊ ጋር እንደማይስማማ ግጥሙ አያውቅም።

አጭር ልብወለድ አንድ ነገር እንዲከሰት ይፈልጋል። ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር ባለችው ክንድ በማታህል ቦታ ጎመን ተክለዋል እንበል። ኮሚቴው ቦታዋ ኮብልስቶን ትነጠፍ ብሎ ይወስናል። ጎመኑን ንቀል የተባሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ያው ኮሚቴ ነው። ምን ያደርጋሉ? ደራሲው ሌሊቱን ሙሉ ልባቸው ውስጥ መግባት ይፈቀድለታል። የሚያስቡትን ሊነግረን ይችላል፤ ማንም «እንዲህ አላሰብኩም» ብሎ አይከሰውም። ይህ መብት ከልብወለድ በቀር ለሌላ አልተሰጠም።

የሰው ምስል ጸሐፊው ደግሞ ይህን መብት የለውም። ያየውንና የሰማውን ብቻ ይዞ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የሚከተለውን ዓይነት ነገር ይጽፋል፦

«እርሻው የት ጋ እንደነበር ሲጠየቁ በባትሪያቸው ያሳያሉ። በብሎኩና በቆሻሻ ገንዳው መሀል ያለችውን ቦታ። ‹እዚያ ጋ አውድማ ነበር› ይላሉ። መኪና ጥሩንባ ይነፋል። በር ሊከፍቱ ይነሣሉ።»

እዚህ ውስጥ ምን ተሰማቸው የሚል ነገር የለም። መጨመር ቀላል ነበር፤ «ዓይናቸው እንባ አቀረረ» ማለት ማንም ይችላል። እንባው ካልታየ ግን መጻፍ የለበትም። መድብሎቹ ውስጥ የሰው ምስል ከሁሉ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ከግጥሙ ስሜትን፣ ከልብወለዱ የሰው ልብ ውስጥ የመግባት ልማድን ይዞ ይመጣና ያላየውን እንዳየ አድርጎ ይጽፋል። አንባቢው «ይሄ የሆነ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይህ ሸትቶት ነው።

ልምምዱ በተቃራኒውም ይሠራል። የሰው ምስል ደጋግሞ የጻፈ ሰው ልብወለዱ ውስጥ ያለው ንግግር ይስተካከልለታል። ሰዎቹ እንደ መጽሐፍ ማውራት ያቆማሉ። «ውድ ባለቤቴ ሆይ» የምትል ሚስት ከገጹ ትጠፋና «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ውሃው ሳይሄድ ጀሪካኑን ሙላ» የምትል ትመጣለች። ግጥም የጻፈበት ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሦስቱን አብሮ የመሥራት ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

«ሁሉን ነካ ነካ» የሚለው ትችት

ትችቱ ከንቱ አይደለም። ግጥም የዕድሜ ልክ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ምቱ የማይሰበር፣ ቤት መምቻው የማያስገድድ ግጥም በታክሲ ሰልፍ ላይ ተጽፎ ማታ አይለጠፍም። ቻናል ያለው ሰው በየቀኑ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት፤ ካልለቀቀ ተከታዩ ይቀንሳል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሰው የዘውግ ብዛት የረቂቅ ብዛት እንዳይመስለው ያሰጋል። አርታኢ የሌለበት መጽሐፍም ብዙ ነው። ድሮ የመንግሥት አሳታሚ ድርጅቶችም ሆኑ የጋዜጣ የጥበብ አምዶች የሚጥሉት ነገር ነበራቸው፤ ያ ወንፊት ዛሬ ብዙም የለም።

በሌላ በኩል ቅልቅሉን የሚደግፉት፣ የዘውግ ድንበር የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው ይላሉ። አንባቢ መጽሐፍ የሚገዛው ሰውየውን ብሎ ነው። ይህም ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ውሸት የሚሆነው የሰው ምስል ላይ ነው። በግጥምና በልብወለድ መሀል ያለው ድንበር ቢፈርስ ማንም አይጎዳም፤ ቢበዛ ሃያሲ ያኮርፋል። በልብወለድና በሰው ምስል መሀል ያለው ሲፈርስ ግን የሚጎዳ ሰው አለ። እሱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል።

ጎረቤትን መጻፍና ሕጉ

«ስሙን ቀይሬዋለሁ» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አያድንም። ብሎኩ ከታወቀ፣ ሥራው ከታወቀ፣ ሲራመድ እንደሚያነክስ ከተጻፈ፣ ስሙ አበበ ቢባል ከበደ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሁለት ነገር አለው። በቁጥር 27 መሠረት የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማሳየትና ማሠራጨት በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። ወጉ ከፎቶ ጋር ሲለጠፍ እንግዲህ ጉዳዩ ሁለት ነው፤ ጽሑፉ ለብቻው፣ ፎቶው ለብቻው ይታያል። ቁጥር 2044 ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ ስሙን የሚጎዳ ጽሑፍ ኃላፊነት እንደሚያስከትል ይደነግጋል። የተባለው እውነት መሆኑ መከላከያ ይሆናል፤ ዓላማው መጉዳት ብቻ ካልሆነ። ጸሐፊው «ልብወለድ ነው» ብሎ ሲከራከር ይህን መከላከያ በገዛ እጁ እንደሚጥለው ልብ ይሏል። የፈጠርኩት ነው ያለ ሰው እውነት ነው ብሎ መከላከል ያስቸግረዋል።

እርግጥ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው። ዳሩ ላይ ቅጣቱ ሌላ ነው። ባለታሪኳ ቡና አትጠራም። የኮሚቴው ሊቀመንበር የጥገና ጥያቄውን ይረሳል። ጸሐፊው ከሰፈሩ ሰው ጋር መኖር ስላለበት ወይ ደግ ደጉን ብቻ መጻፍ ይጀምራል፣ ወይ ልብወለድ በሚል ካባ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ጽሑፉን ያሰለቻል፤ ሁሉም ጎረቤት ደግ፣ ሁሉም ድኻ ጨዋ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ከላይ ያየነውን ውል ያፈርሳል።

ቀላሉ መውጫ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ሰው ከተጻፈ ከመታተሙ በፊት ይነበብለት። ካልተስማማ ይቅር ወይም በትክክል ልብወለድ ይሁን፤ ማለትም ሥራው፣ ቤቱ፣ ዕጣ ፈንታው ሁሉ ተቀይሮ ሌላ ሰው ይሁን። መድብሉ ውስጥም ሦስቱ ክፍሎች በየርእሳቸው ይለዩ። አንድ መስመር ማብራሪያ ምንም ወረቀት አይጨምርም።

«ይነበብለት» ሲባል ግን በምን ቋንቋ? ፋዘር ብለን የፈጠርናቸው ሰውዬ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛቸው የሥራ አማርኛ ነው፤ «እሺ»፣ «ግቡ»፣ «ማን ጋ ነህ?»። ጸሐፊው ያንን አማርኛ ብቻ ሰምቶ ከጻፋቸው ጥቂት ቃል ያላቸው፣ ዝምተኛና የዋህ ሽማግሌ ሆነው ይወጣሉ። በቋንቋቸው ግን ቀልደኛ፣ ነገር አዋቂ፣ ሽምግልና የሚቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የዳሩ የሰው ምስል ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ የአማርኛ መድብሎች በዝምታ የሚያልፉት ነው። አንዳንዱ ንግግሩን በኦሮምኛ አስቀምጦ ሥሩ ይተረጉማል። ሌላው ሁሉንም ወደ ጥሩ አማርኛ ያመጣዋል። ሁለተኛው ለሰውየው ክብር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ለቦታው ይታመናል። ሁለቱም ግን ጸሐፊው ቋንቋውን መስማት ከቻለ ነው፤ ካልቻለ አስተርጓሚ ይዞ መቀመጥ ይኖርበታል።

ወዴት ይሄዳል?

በቅርቡ ሊሆን የሚችለው ድምፅ ነው። የሬዲዮ ትረካ ለአማርኛ አድማጭ ባዕድ አይደለም። ከዳር ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው ቆሞ ከሚያነብ ይልቅ ማዳመጥ ይቀለዋል። በድምፅ ሲሆን የ4096ቱ ገደብ ይቀርና አጭር ልብወለድ ሳይቆረጥ መሄድ ይችላል። በዚህ ከሦስቱ ዘውጎች አብዝቶ የሚጠቀመው እሱ ነው። የሰው ምስል ግን በድምፅ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ባለታሪኩ ራሱ መናገር ሲችል ጸሐፊው ለምን አስፈለገ ይባላል።

የወረቀት ዋጋ ቢረጋጋስ፣ ሦስቱ ተመልሰው ይለያዩ ይሆን? ግጥሙ የሚለይ ይመስለኛል። ወደ መድብሉ የገባው በብዛት በገጽ ሂሳብ ነበር፤ ሂሳቡ ሲቀል ቀጭኑ የግጥም መጽሐፍ ይመለሳል። ልብወለዱና የሰው ምስል ግን ቶሎ አይለያዩም። እነሱን ያቀራረባቸው ወረቀት አይደለም። በዕጣ የደረሰው ጎረቤት ገና አልታወቀም፤ አዲስ ብሎክ ላይ ዕጣ በወጣ ቁጥርም ሌላ ይጨመራል።